በስድስት ሰው ሒሳብ የተያዘ ሰባተኛ አልጋ

የምስክርነት ቃል መቀበያ
ምስክር፦ ሁለተኛ የዐቃቤ ሕግ ምስክር፣ ስሟ በመዝገቡ ሽፋን ላይ የሰፈረ
ዕድሜ፦ 52
ሥራ፦ ልብስ ቆራጭ
አድራሻ፦ ከልብስ ስፌት ቤቱ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡30

እኔ ምስክሯ በዚሁ ስፌት ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ማክሰኞ ዕለት በእምነት ማጉደል ተጠርጥሮ የተያዘውን ልብስ ተኳሽ በሥራ ባልደረብነት አውቀዋለሁ።

ከስድስት ወር በፊት እኔን ጨምሮ ስድስት የስፌት ቤቱ ሴቶች ዝናብ በማይለየው ደን ውስጥ ወዳለ ሎጅ ሄደን የዱር እንስሳት ለማየት ተስማማን። በጀቱን እንዳወጣ ለእኔ ተሰጠኝ። ለሎጁ ደውዬ አልጋ፣ ምግብ፣ ጀልባና አስጎብኚ ተደምሮ ለአንድ ሰው አሥራ ሁለት ሺህ መሆኑን አረጋገጥኩ። ለጓደኞቼ ግን አሥራ አራት ሺህ ነው አልኳቸው። በሥራዬ ሦስት ሜትር ጨርቅ ለሚበቃው ቀሚስ ሦስት ተኩል አምጪ ማለት ልማዴ ነው፤ አንዲትም ደንበኛ ለምን ብላኝ አታውቅም። እዚህም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ከስድስታችን የተረፈው ሁለት ሁለት ሺህ ልክ የአንድ ሰው ወጪ ሆነ። ያ ሰው ልብስ ተኳሹ ነው። ደሞዙ በእናቱ መድኃኒት ስለሚያልቅ፣ እኛ ስለ ጉዞው ስናወራ እሱ አንገቱን ደፍቶ ይተኩስ ነበር፤ ይህን እያየሁ አንጀቴ አልቻለም። እውነቱን ቢያውቅ እንደማይቀበል ስለማውቅ «ስድስት ሰው ከከፈለ ሰባተኛው በነፃ ነው ብለውኛል» አልኩት። እሱም ስቆ «እትዬ፣ ብቻ ዝንጀሮዎቹ ዘመዳችን መጣ ብለው እንዳያስቀሩኝ» አለኝ።

ቁልፍ ያለው ሣጥን የእሱ ብቻ ስለሆነ መዋጮውን እሱ ሰበሰበ። ሰማንያ አራት ሺህ ሲሞላ በሙሉ ለሎጁ በባንክ አስገብቶ ደረሰኙን ግድግዳ ላይ ለጠፈ።

ማክሰኞ ከጠዋቱ 4፡00 ገደማ ከስድስታችን አንዷ፣ የልብስ ጠርዝ የምትሰፋው ዘምዛሚ፣ የሎጁን ትክክለኛ ዋጋ በስልኳ አየች። ደረሰኙን ስታነብ የሰባት ሰው ክፍያ ይላል። «የአንተን ማን ከፈለልህ?» አለችው። «የእኔ በነፃ ነው» አላት። «ማን አለህ?» ስትለው ወደ እኔ አየት አደረገና «ሎጁ ራሱ ነው የነገረኝ» አለ። ሎጁ ሲደወልለት እንዲህ ያለ ነገር የለንም አለ። እሷም «ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ በእኛ ገንዘብ ልትንሸራሸር ኖሯል» ብላ ለፖሊስ ደወለች። ሲወስዱት እኔ መቀሴን እንደያዝኩ ቆሜ ነበር። አንዲት ቃል ብተነፍስ ይበቃ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያመኑኝ ሴቶች አታለለችን እንዳይሉኝ ፈርቼ ዝም አልኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እያልኩ ሁለት ቀን ራሴን ሸነገልኩ።

ዛሬ ከቀኑ 7፡30 ቅያሪ ልብስ ላቀብለው ወደዚህ ጣቢያ መጣሁ። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ ነገረኝ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እትዬ፣ ስምዎትን አላነሳሁም። ሎጁ እርስዎንም አታልሎዎት ይሆናል፤ በእኔ የተነሳ እዚህ እንዳይመላለሱ ብዬ ነው። እናቴን ብቻ አደራ» አለኝ። ከእሱ እንደተለየሁ ወደ መርማሪው ቢሮ ገባሁ።

የጎደለ ገንዘብ የለም። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ እሱንም ሴቶቹንም።

ቃሌ ተነቦልኛል፤ ያላልኩት አልተጨመረበትም፣ ያልኩትም አልተቀነሰበትም። እውነት ስለመሆኑ ፈርሜያለሁ፤ ነገ ለፍርድ ቤቱም፣ ለእሱም ፊት ለፊት ቆሜ እደግመዋለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________