የታሰረችው ደህና እጅ

ወይዘሮ ሺታዬ ያን ዕለት ኒውላንድ ሰፈር ወዳለው የኦሞት ልብስ ስፌት ቤት የሄዱት የባላቸውን የስፌት መኪና እንዲወስድላቸው ለመንገር ነበር። ባላቸው ጋሽ ወንዳፈረው ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከአምስት ወር በፊት ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን መታቸው፤ እግራቸው በከዘራ ቢራመድም ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። መኪናዋን ባዩ ቁጥር እንባቸው ይመጣል። ሺታዬ ይህን ማየት አንገፈገፋቸው።

«ቅዳሜ መጥተህ ውሰዳት» አሉት ኦሞትን። «ባያት ቁጥር ያለቅሳል፤ ከዓይኑ ትራቅለት።»

ሱሪውን ሊያሳጥር የመጣ አንድ ጎልማሳ ዞር አለ። «እማማ፣ ጋሽ ወንዳፈረው ምን ሆነው ነው?»

«አንተ ደግሞ ማነህ?»

«ቢቾክ እባላለሁ። የአንደኛ ክፍል ዩኒፎርሜን የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው። ‹ታድግበታለህ› ብለው አርዝመውት እስከ ሦስተኛ ክፍል ለበስኩት።»

ሺታዬ ሳያስቡት ሳቁ። እውነትም የባላቸው አመል ነበር፤ የልጅ ልብስ ካላረዘሙ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

ቢቾክ አሁን ፊዚዮቴራፒስት ነው፤ የደከመ አካልን በእንቅስቃሴ ያክማል። ስትሮክ የመታቸው ሰዎች ምን ያህል ቆይተው ሐኪም ዘንድ እንደደረሱና ቤት ከገቡ በኋላ እንዴት እንዳገገሙ እየዞረ ለጥናት ይመዘግባል።

«መቼ ነበር ሐኪም ቤት የወሰዷቸው?» አለ።

ሺታዬ አቀረቀሩ። «በሦስተኛው ቀን። አፉ ጠመም ሲል ምች ነው ብለን ዳማከሴ ጨምቀን አጠጣነው።»

«አልፈርድብዎትም፤ ብዙ ቤት የማየው ይኸንኑ ነው። ግን ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ አንደበት ከተኮላተፈ ያኔውኑ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። የአንጎል ደም ሥር ተዘግቶ ይሁን ፈንድቶ የሚለየው በሲቲ ስካን ነው እንጂ በዓይን አይደለም። የሚያጠጡትም ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።»

«አሁንማ አለፈ፤ እጁ ሞቷል።»

«ሳላያቸው አላምንም» አለ ቢቾክ፤ ተከትሏቸውም ቤት ሄደ።

ሰላምታ ከተሰጣጡ በኋላ ከሱሪው የተረፈውን ቁራጭ ከኪሱ አውጥቶ «ጋሼ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ» አላቸው፤ ቁራጩንም በቀኝ ጣቶቻቸው መካከል አኖረ። አውራ ጣታቸው ቀስ ብላ ጨርቁን ዳበሰች።

«ካ... ካኪ ነው» አሉ ጋሽ ወንዳፈረው።

«የሞተ ጣት ካኪ አይለይም» አለ ቢቾክ ወደ ሺታዬ ዞሮ። «ማን ነው የሚያበላቸው?»

«እኔ ነኛ። አጎርሰዋለሁ፣ ፊቱን አጥባለሁ፣ የሸሚዙን ቁልፍ እቆልፋለሁ። የቀረውን በግራው ይሠራል። እኔ እያለሁ ምን ሲል ይለፋ?»

«ችግሩ እሱ ነው፣ እማማ። በቀን ለተወሰነ ሰዓት ግራ እጃቸውን በጨርቅ ከረጢት እናስረዋለን።»

ሺታዬ ብድግ አሉ። «እግዜር የተወለትን አንድ እጅ ልታስርብኝ? በል ከቤቴ ውጣልኝ።»

«ካሉ እወጣለሁ። ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ መኪናዋን ሲያዩ የሚያለቅሱት ርቧቸው ነው?»

ሺታዬ ተመልሰው ተቀመጡ። ሴትዮዋ ክፉ አልነበሩም፤ ፍቅራቸው በዝቶ ነው እንጂ።

ቢቾክ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግራው ሁሉን ከሠራ፣ እርስዎም ከጨመሩበት፣ አንጎል ቀኙን እየረሳ ይሄዳል። ደጋግሞ ሲታዘዝ ግን መንገዱን እንደገና ይለምዳል። በብዙ አገር ተጠንቶ የታየ ነው። ለሁሉም አይሆንም፤ ጣቱ መንቀሳቀስ ለጀመረ ነው፤ ጨርቁን ያስያዝኳቸውም ለዚህ ነው። ተቀምጠው ሲለማመዱ ብቻ ይታሰራል፤ ሲራመዱ ይፈታል። እንደ ድሮው ይሆናሉ ብዬ አልዋሽዎትም።»

ሺታዬ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ጋሽ ወንዳፈረው ግራ እጃቸውን ለቢቾክ ዘረጉለት።

«እሰር» አሉ።

«እንግዲያው አንድ ወር» አሉ ሺታዬ ተሸንፈው። «ከዚያ ኦሞት ይወስዳታል።»

የመጀመሪያው ሳምንት መከራ ነበር። ማንኪያው ይወድቃል፣ ሾርባው ይደፋል፣ አንዷን ቁልፍ ለመቆለፍ ግማሽ ረፋድ ያልፋል። ሺታዬ ለመርዳት የሚፈጥነውን እጃቸውን ቀሚሳቸው ሥር ሸጉጠው መቀመጥ ለመዱ። ቢቾክ በየሁለት ቀኑ እየመጣ ያለማምዳቸዋል። በሦስተኛው ሳምንት ማንኪያው አፍ ደረሰ፤ ሺታዬ ጓዳ ገብተው በደስታ አለቀሱ።

ወሩ ሲሞላ ኦሞት ባጃጅ ይዞ መጣ። ደጃፉ ላይ ሲደርስ የመኪናዋን ድምፅ ሰማና ቆመ። ጋሽ ወንዳፈረው የሚስታቸውን የተቀደደ ቀሚስ እየሰፉ ነበር፤ ጨርቁን የሚገፋው ቀኝ እጃቸው ነው።

«ጠማማ ሆነ፤ ልፍታው» አሉ ስፌቱን አይተው።

«አይፈታም» አሉ ሺታዬ። «እንዲሁ ነው የምለብሰው።»

ኦሞት እየሳቀ ባጃጁን ባዶውን መለሰ።

እሑድ ሺታዬ ያን ቀሚስ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ጠማማውን ስፌት አይቶ የጠየቃቸውን ሁሉ አስቀምጠው ያስተምሩታል፦ «አፍ ጠመም ካለ ምች ነው ብለህ አትቀመጥ። የጀመረበትን ሰዓት ያዝና ሩጥ፤ ቶሎ የደረሰ ብዙ ይተርፍለታል። የታመመብህም ሐኪሙ ባሳየህ መንገድ ራሱ ይሞክር። እኔ በማጉረስ ባሌን እጁን ላሳጣው ነበር፤ አሁን ራሱ በልቶ ራሱ ይሰፋል፣ እኔም አርፌያለሁ።»

በሌላ ሳምንት ቢቾክ የሱሪ ጨርቅ ይዞ መጣ። ጋሽ ወንዳፈረው በቀኝ እጃቸው ለክተው ሰፉለት። ሲለብሰው ጫማውን ሸፍኖ መሬት ነካ።

«ጋሼ፣ ረዘመ እኮ።»

«ታድግበታለህ» አሉት፣ አንደበታቸው ጥርት ብሎ።