ከሰዓት በኋላ የሚዋሽ ሴንሰር

(ዱከም፣ አሮጌ ፕላስቲክ የሚፈጭ ፋብሪካ ውስጥ፤ የጥገና ኃላፊው አቶ ደጀኔ የአደጋ ሪፖርት ይዘው፣ ቴክኒሻኗ ትርሲት ደግሞ የመፍጫውን ማሽን ክዳን ከፍታ ቆመዋል።)

ደጀኔ፦ ፈርሚ አልኩሽ እኮ! አንድ ፊርማ ነው፤ የአባትሽን ርስት ሽጪ የተባልሽ አስመሰልሽው።

ትርሲት፦ ወረቀቱ «እታገኝ ወልዴ ሴንሰሩ ላይ ሌላ ማግኔት ለጥፋ በማታለል፣ በራሷ ጥፋት ሁለት ጣቷን አጣች» ይላል። ማግኔቱን ማን አየው?

ደጀኔ፦ ማየት አያስፈልግም። ክዳኑ ላይ ማግኔት አለ፤ ክዳኑ ሲከፈት ማግኔቱ ከሴንሰሩ ይርቃል፣ ማሽኑም ይቆማል። ካልቆመ ያታለለው ሰው አለ ማለት ነው።

ትርሲት፦ አደጋው የደረሰ ዕለት መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነኝ። የተለጠፈ ነገር አልነበረም። ትናንት ሐኪም ቤት ሄጄ ጠየቅኳት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጆንያ ስለቱን ያዘባት። ክዳኑን ከፈተች፣ ማሽኑ ቆመ፤ ስለቱ ጭራሽ ጸጥ እስኪል ጠበቀች። እጇን ስታስገባ በራሱ ዞረ። ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም፤ «አለቆቹ ምን አሉ?» ብላ ነው የጠየቀችኝ።

ደጀኔ፦ ታዲያ ምን ትበል? ጥፋቴ ነው ትበል?

ትርሲት፦ እርስዎም አላሉም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነ እንጂ። መጋቢት ላይ የቀድሞው ሴንሰር ሲቃጠል ያንኑ ዓይነት ይምጣ ብዬ ጻፍኩ። እርስዎ ወር አንጠብቅም ብለው ከመሳቢያ ያገኙትን ገጠሙ። ሠራተኛው ሁሉ ባለበት ሳቁብኝ።

ደጀኔ፦ አሁንም እስቃለሁ። ምስር የምታክል ነገር! ማግኔት ሲቀርብ ታበራለች፣ ሲርቅ ታጠፋለች። ለዚህም ዲግሪ ያስፈልጋል?

ትርሲት፦ የቀድሞው ሴንሰር ማግኔቱ በጣም ካልቀረበ «ተዘግቷል» አይልም። አንዴ ካለ ደግሞ ማግኔቱ በደንብ ካልራቀ ቃሉን አያጥፍም። በሁለቱ መሃል ማሽኑ ቢንቀጠቀጥ እንኳ አይወላውልም። የእርስዎ ግን ያለው አንድ መስመር ነው፤ መስመሩ ላይ ሲደርስ እንደ ደላላ በየቅጽበቱ ቃሉን ይለውጣል።

ደጀኔ፦ መስመሩን በእጄ፣ በብሎን አስተካክዬዋለሁ። ዐሥር ጊዜ ከፍቼ ዐሥር ጊዜ ዘጋሁት። አንዴም አልሳተም።

ትርሲት፦ በስንት ሰዓት?

ደጀኔ፦ ጠዋት። ሥራ ሳይጀመር።

ትርሲት፦ ጠዋትማ ሁሉም ጨዋ ነው! ከማግኔቱ የሚመጣው ምልክት እጅግ ደካማ ነው፤ የሴንሰሩ የራሱ ስሕተት ሊውጠው ይችላል። ስሕተቱ ደግሞ በሙቀት ይቀያየራል። ስለዚህ የቀድሞው በውስጡ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ አቅጣጫ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ይለዋውጣል። ስሕተቱ አንዴ ሲደመር አንዴ ሲቀነስ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ የማግኔቱ ብቻ ይቀራል። ማሽኑ ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም መልሱ ያው ነው። ራሱን እየፈተሸ ነው የሚሠራው።

ደጀኔ፦ ራሱን የሚፈትሽ ምስር! ንስሐም ይገባል በይኛ።

ትርሲት፦ ከአንዳንድ ሰው ይሻላል።

ደጀኔ፦ አፍሽን ሰብስቢ! ሃያ ሁለት ዓመት ማሽን የጠገንኩ ሰው ነኝ።

ትርሲት፦ እኔም ከእርስዎ ተምሬያለሁ፤ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚሉት እርስዎ ነበሩ። አሁን የሞተሩን ሽቦ ነቅዬዋለሁ፤ ስለቱ አይዞርም። ክዳኑ ክፍት ነው። ይህችን ትንሽ መብራት ይመልከቱ፤ ከበራች ሴንሰሩ «ክዳኑ ተዘግቷል» እያለ ነው።

ደጀኔ፦ ጠፍታለች። ይኸው፣ ትክክል ነው።

ትርሲት፦ አሁን በሙቅ አየር ልንፋው። ማሽኑ ከሰዓት በኋላ የሚደርስበትን ሙቀት ለክቼዋለሁ፤ ከዚያ አላሳልፍም። … አሁንስ?

ደጀኔ፦ … በራች።

ትርሲት፦ ክዳኑን የነካው ሰው አለ?

ደጀኔ፦ አጋጣሚ ነው።

ትርሲት፦ ከእርስዎ በፊት ስምንት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ስምንቱንም ጊዜ ዋሸ። እታገኝ ቆሞ ያየችው ማሽን፣ ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ ሙቀቱ ቀስ ብሎ ሴንሰሩ ጋ ሲደርስ፣ እንዲህ ነው የዞረባት። ማግኔት ለጠፈች ብለው የጻፉባት ይህችን ሴት ነው።

ደጀኔ፦ ስሚ፣ ሥራ አስኪያጁ ሪፖርቱን ዛሬ ይፈልጋል። ማሽኑም ነገ ሥራ ይጀምራል፤ ሌላ ሠራተኛ ተመድባለች። አንቺ ባትፈርሚም እኔ ብቻዬን አስገባዋለሁ። ማን ይሰማሻል?

ትርሲት፦ ማንም ላይሰማኝ ይችላል። ለአዲሷ ሠራተኛ ግን ምን ብለው ያስረክቧታል?

ደጀኔ፦ ማሽኑ ደህና ነው እላታለኋ!

ትርሲት፦ መልካም። እንግዲያው የሞተሩን ሽቦ ልመልሰው። ክዳኑ ክፍት ነው፣ ስለቱም ቆሟል። እኔ ሴንሰሩን ላሙቀው፤ እርስዎ እጅዎን ያስገቡ። አቶ ደጀኔ፣ ሽቦውን ልቀጥለው?

ደጀኔ፦ ሽቦውን እንዳትነኪው። … ይልቅ ባዶ ወረቀት ስጪኝ። ሴንሰሩን ማን እንደገጠመው ከላይ ነው የሚጻፈው።