የኦቾሎው ሸማኔ እና ጆይስቲኩ

ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወጣው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ ሁለት ተማሪዎች ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ላፕቶፕ ታቅፏል።

«ጆይስቲክህ ሠራ?» አለው ጓደኛው።

«ሠራ። አባቴ ናቸው መላውን ያገኙት።»

«አባትህ የኦቾሎ ሸማኔ አይደሉ? ሊኑክስ ያውቃሉ እንዴ?»

«ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። ሊጠይቁኝ መጥተው ስናደድ አገኙኝ። ላፕቶፑ ላይ የኳስ ጌም ስጫወት ተጫዋቹ መሀል ሜዳ ቆሞ ይቀራል፤ ቁልፉን ብጫን ብጫን አይንቀሳቀስም። ጆይስቲኩን ሌላ ላፕቶፕ ላይ ስሰካው ግን ደህና ነው። ሲብስብኝ ላፕቶፑ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ የሚሠራበትን ሲስተም፣ ሊኑክሱን፣ እንደ አዲስ ልጭነው ተነሳሁ።»

«የመመረቂያ ጽሑፍህስ?»

«እዚያው ውስጥ ነበር። ከንዴቴ የተነሳ ረስቼው ነበር።»

«ታዲያ እሳቸው ምን አሉ?»

«‹መጨረሻ ደህና የነበረው መቼ ነው?› አሉኝ። ማክሰኞ አልኳቸው። ‹ከዚያ ወዲህ ምን ነካካህ?› አሉኝ። አፕዴት አደረግኩት አልኳቸው። ‹እኛ ሸማው ሲበላሽብን ቆርጠን አንጥልም፤ ደህና እስከነበረበት ድረስ ተርትረን እንመለሳለን› አሉ።»

«እና ተረተርከው?»

«ላፕቶፑ ሲነሳ ከአፕዴቱ በፊት የነበረውን ከርነል፣ የሊኑክሱን የድሮ እትም፣ መረጥኩ። ወዲያው ሠራ።»

«አይ አባትህ። ደስ አላቸው?»

«‹ያንተ አንድ ገመድ ነው ያለው፤ የእኔን የሸማ ክር ብዛት ብታይ› ብለው ጋደም አሉ።»

እኔ የነጠላዬን ጥለት በጣቴ ይዤ ከጫፉ ወደ ኋላ፣ ቀስ ብዬ፣ ክር በክር ሄድኩበት።