ሌዘሩና የፊታውራሪ ሻኛ

ደብረ ማርቆስ ለአንድ ፈረንጅ ተመራማሪ አስተርጓሚ ሳለሁ የደረሰብኝን ስሙኝማ። ሰውየው ሌዘር በሚሉት ቀጭን ብርሃን ሙቀት በሥጋና በጮማ ውስጥ በምን ፍጥነት እንደሚያልፍ ይለካል። የአገሩ ፊታውራሪ ይህን ሰምተው፣ በሬ ጥለው በዳስ ግብር ሲያበሉ "እፊቴ ይለካ" ብለው አስጠሩን። እንደምታውቁት እዚያ ብልቱ ሁሉ ባለቤት አለው፤ ሻኛው የፊታውራሪ፣ ሽንጡ የዳኛው ነው። ፈረንጁ ከሁለቱም ስስ ቁራጭ ወስዶ፣ ጄኔሬተሩን አስነሥቶ ለካና "በሽንጡ ሙቀቱ ቶሎ አለፈ፤ ሻኛው ጮማ ስለሆነ ዘገየ" አለ። እኔም እንዳለ ተረጎምኩት።

ፊታውራሪ ዓይናቸው ቀላ። "የኔን ብልት የዳኛው ብልት ቀደመው ነው የምትለኝ?" አሉ። "ኧረ ጌታዬ! ሙቀቱ የርስዎ ድርሻ መሆኑን ቢያይ ደፍሮ ማለፍ አቅቶት፣ እጅ ነሥቶ ቆመ ማለት እኮ ነው" አልኩ። ፊታውራሪ ሳቁ፤ ዳሱ በእልልታ ቀለጠ፤ ፈረንጁም ምርምሩ የገባቸው መስሎት ጎንበስ ብሎ አመሰገነ። ተረፍኩ ብዬ ላቤን ስጠርግ ዳኛው ጋቢዬን ጎተት አድርገው በጆሮዬ "አንተ፣ የኔን ይድገመው በለው" አሉኝ። "የፊታውራሪን ያህል ባይሆን እንኳ፣ ለኔም ጥቂት ይቁም እንጂ!"