የምስር ቅርጫ

ጳጉሜ ሦስት ቀን 1989 ዓ.ም. ከሥራ ስወጣ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። ዕለቱ ሩፋኤል ስለሆነ የመካኒሳ ሕፃናት ልብሳቸውን ጥለው ዝናቡ ውስጥ ይጨፍራሉ። ጥላዬን ዘርግቼ፣ ጭቃውን እየመረጥኩ ስራመድ ከኋላዬ ጡሩምባ ጮኸብኝ። ዘወር ስል የጋሽ ማናዬ ቮልስ ናት።

«ሲስተር! ግቢ እንጂ፤ አንቺም ከሕፃናቱ ጋር ልትጠመቂ ነው እንዴ?» አሉኝ መስታወቱን ዝቅ አድርገው።

በሰፈራችን ጋሽ ማናዬን የማያውቅ የለም። ከመንግሥት ሥራ በጡረታ የተገለሉ፣ ለበዓል በሬ ገዝተን በዕጣ የምንካፈልበት ቅርጫ ሰብሳቢ ናቸው። ቄራ ወርደው በሬ የሚመርጡት እሳቸው ናቸው፤ ሌላ ሰው መርጦ አያውቅም። እኔ ትሩፋት ደግሞ እዚያው ሰፈር ባለች ትንሽ ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ምላሴ ረዘም ይላል፤ ይህን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል።

«ከየት ነው?» አልኳቸው ገብቼ ስቀመጥ።

«ከጉሊት። ተሾመች ሽንኩርት አለቀብኝ ብላ ነው።»

ጉሊቱ እኮ ከበራቸው ሃምሳ እርምጃ አይሞላም! በነገሩ ልቀልድ አፌን ስከፍት መኪናዋ ወደ ቦዩ ዘንበል አለች። ጋሽ ማናዬ በቀኝ እጃቸው ማርሽ ይቀይራሉ፤ ግራ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተጋድሟል። መሪውን የያዘ እጅ አልነበረም።

«ግራ እጅዎ ምን ሆነ?»

«ደንዝዞ ነው። ተኝቼበት ይሆናል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጠዋት። ተይው ባክሽ፣ ይለቀዋል። ለተሾመችም እንዳትነግሪያት።»

«ያቁሙ!» ብዬ ጮኽኩ። ድምፄ ራሴንም አስደነገጠኝ። አባቴ እንዲሁ እጁ ደንዝዞ፣ «ይለቀኛል» እያለ፣ በሦስተኛው ቀን ነው ያጣሁት። ጋሽ ማናዬን እየጎተትኩ ወደ ክሊኒኩ መለስኳቸውና ግፊታቸውን ለካሁ፤ መቶ ዘጠና አምስት በመቶ አሥር። እትዬ ተሾመች ተጠርተው መጡና በታክሲ ሆስፒታል ወሰድናቸው። እጃቸው ከመምሸቱ በፊት ለቀቃቸው። ሐኪሙ ግን «ይህ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሁለተኛው እንዲህ አይምርዎትም» አላቸው። መድኃኒት አዘዘ፤ እንደገና እስኪታዩ ድረስ መኪና መንዳት ከለከለ፤ ሥጋና ቅቤ ይቅር፣ በየቀኑ በእግር ይሂዱ አለ።

በማግስቱ ጠዋት ልጠይቃቸው ስሄድ የቅርጫውን ስም ዝርዝር ይዘው ሶፋ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ደሜ ፈላ።

«ጋሽ ማናዬ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ነገ ቄራ መውረድ አለብኝ። ዛሬ ከሰዓት የቅርጫው አባላት ደምሰው ግቢ እንሰበሰባለን። አሥራ ሁለት ቤት እኔን ይጠብቃል።»

«ሐኪሙ የተናገረውስ?»

«ሐኪሙ ልጅ ነው፤ ጢሙ እንኳ አልበቀለም። ሥጋ ያልበላ ሰው ጉልበት ከየት ያመጣል? እስቲ ንገሪኝ።»

«በፍልሰታ ምን ይበሉ ነበር?»

«ምን እበላለሁ፣ የጾም ነዋ።»

«ታዲያ ጉልበት አጡ? ሚካኤል ድረስ በእግርዎ እየሄዱ ያስቀድሱ አልነበረም? ነሐሴ አሥራ አራት ቀን እኔው ስለካዎት ግፊትዎ መቶ ሃምሳ ነበር። ትናንት ወደ ሁለት መቶ ተጠግቷል። በመካከሉ ምን ገባ?»

«ዱለት!» አሉ እትዬ ተሾመች ከጓዳ። «ጥብስ! ክትፎ! ልቀጥል?»

«አንቺ ደግሞ ማን ጠየቀሽ!» ብለው ተቆጡ ጋሽ ማናዬ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በትሕትና፣ «እሺ፣ ይሁን። ፍልሰታ ግን ጾም ነው፤ ለፈጣሪ ነው። በእንቁጣጣሽ ሽሮ መብላት በበዓል መጾም ነው። ነውር ነው» አሉኝ።

«ጾም በሰዓቱና በልብ እኮ ነው ጋሽ ማናዬ። እርስዎ ጠዋት በልተው፣ ተጫውተው፣ ተደስተው ይውላሉ። ምስርና ሽምብራ የጾም ማኅተም አልተመታበትም። ካላመኑኝ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ፤ ሕመምተኛን ሥጋ ካልበላህ ብለው ከተቆጡ እኔ ነርስነቴን እተዋለሁ።»

ወረቀቱን አጠፉት፤ መልሰው ዘረጉት። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

«ስሚኝ ትሩፋት፤ ሞቱን አይደለም የምፈራው። እዚህ ሰፈር ስንገባ ሁሉም ሜዳ ነበር፤ አንድ ዘመድ የለኝም። ከሰው ያገናኙኝ ይቺ መኪናና ይህ ቅርጫ ናቸው። ሴት ምጥ ሲይዛት ማናዬ ይጠራ ነው። በሬ ሲገዛ ማናዬ ይምረጥ ነው። ከቅርጫው ወጣሁ፣ መኪናዬን አቆምኩ ያልኩ ዕለት ማን ብሎ ይጠራኛል? ደኸየ ይላሉ፤ ወይም ሃይማኖቱን ለወጠ ይላሉ። መጀመሪያ በሩን ማንኳኳት ይተዋሉ፤ ከዚያ ይረሱኛል። ስሞትስ ማን ይቆምልኛል?»

አንባቢ ሆይ፣ እኔ ስለ ጨውና ስለ ጮማ ላስተምር መጥቼ ነበር። የሰውየው ጭንቀት ሆዱ ውስጥ ሳይሆን ሰፈሩ ውስጥ መሆኑን አላሰብኩም። ስንቱን በሽተኛ «ይህን አትብላ» እያልን ስንሸኘው፣ ከማን ማዕድ እያስነሣነው እንደሆነ ጠይቀን እናውቃለን? እኔ በበኩሌ ጠይቄ አላውቅም፤ አፈርኩ።

መልሱ የመጣው ከጓዳ ነው። እትዬ ተሾመች እጃቸውን በሻሻቸው እየጠረጉ ወጥተው ከባላቸው ፊት ቆሙ።

«ማናዬ፣ እኔ ቀምሼ የማላውቀውን ሐዘን እንዳታቀምሰኝ። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ሁለት ድስት አይጣድም። አንተ የምትበላውን እኔም ልጆቻችንም እንበላለን፤ ብቻህን እንደ ሕመምተኛ አትቀመጥም። ደግሞ ሽሮ ብቻ ማን አለህ? አዚፋ አለ፣ ቡቲቻ አለ፣ የሱፍ ፍትፍት አለ፣ ዱባ ወጥ አለ። እናቴ ቤት የጾም ሲሠራ ቅቤ ትዝ የሚለው አልነበረም። የመኪናዋ ቁልፍ እኔ ጋ ይቀመጣል። ጎረቤታችን ከድር መንጃ ፈቃድ አለው፤ ለምጥና ለሕመም እሱ ይዟት ይውጣ። ለሽንኩርት ግን አትወጣም!»

«ተሾመች...»

«አበቃሁ።»

ከሰዓት በኋላ ደምሰው ግቢ አብሬያቸው ሄድኩ፤ በእግር ማለት ነው። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ጋሽ ማናዬ አጥር አጥሩን ይዘው፣ የሰረቀ ሰው ይመስል አንገታቸውን ደፍተው ይራመዳሉ። ጉሊት ስንደርስ ንግስት ከሽንኩርቷ መደብ ላይ ቀና ብላ፣ «ወይኔ! ለካ ጋሽ ማናዬ እግር አላቸው!» አለች።

«አላልኩሽም?» አሉኝ በሹክሹክታ።

ንግስት ግን ተነሥታ ሁለት ጉንጫቸውን ሳመቻቸው። «ስንት ዓመት በጡሩምባ ብቻ ሰላም ይሉኛል! ልጄ ስምንተኛ ክፍል አለፈች እኮ፣ ሰምተዋል?» አልሰሙም። ቀጥሎ ልብስ ሰፊው አስቆማቸው፤ ቀጥሎ የእድር ጸሐፊው። የአሥር ደቂቃው መንገድ አርባ ደቂቃ ፈጀብን። በየቦታው «መኪናዋ ምን ሆነች?» የሚል ጥያቄ አልቀረም። እሳቸውም በየቦታው እየተንተባተቡ መለሱ። ፍርሃታቸው አልለቀቃቸውም፤ ደምሰው በር ላይ ስንደርስ እጄን ጭምቅ አድርገው ያዙት።

ግቢው ውስጥ ሰው ሞልቷል። ጋሽ ማናዬ ሳይቀመጡ፣ ቆመው ተናገሩ።

«ወንድሞቼ፣ እጄ ደንዝዞ ሐኪም ቤት ነበርኩ። ሥጋም መኪናም ተከልክያለሁ። ከእንግዲህ በቅርጫው አልገባም፤ በሬውንም ሌላ ሰው ይምረጥ። ከእናንተ መለየቴ ግን አይደለም። እንደዚያ እንዳታዩብኝ እለምናችኋለሁ።»

ደምሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሽ ማናዬ፣ እኔ ስኳር ካለብኝ ሁለት ዓመቴ ነው። ድርሻዬን ወስጄ ለእህቴ ነው የምልክላት። ከቅርጫው ያልወጣሁት እርስዎን ፈርቼ ነው።»

«እኔን?»

«እርስዎን ነዋ! ደኸየ እንዳይሉኝ።»

ከወዲያ በፍቃዱ ተነሣ፤ ሪህ በእያንዳንዱ በዓል ማግስት አልጋ ላይ እንደሚጥለው ተናገረ። አንድ ሌላም ተጨመረ። ከአሥራ ሁለቱ አራቱ አንዱ ሌላውን ፈርቶ ነበር በዓመት ሦስት ጊዜ ሕመሙን በገዛ እጁ የሚገዛው! እኔ ሳቄ መጣ፤ ንዴቴም መጣ። ከኋላ አንዱ ተረበኛ፣ «እንግዲያው ለእናንተ የምስር ቅርጫ ይጣልላችሁ!» ሲል ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

ያልሳቀው ከድር ብቻ ነው። ከድር የእህል ነጋዴ ነው፤ ስለ እድሩ ድንኳን ሊነጋገር መጥቶ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«ምስሩን እኔ አመጣዋለሁ» አለ። «የምነግራችሁ የምሬን ነው። ከጅምላ ቦታ አብረን መርጠን፣ አብረን እናስጭነው። ግን በአንድ ነገር። ዕጣው ውስጥ እኔንም አስገቡኝ።»

ሰዉ ተያየ።

«እዚህ ሰፈር ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ሐዘን አብረን ተቀምጠናል፤ ድንኳን አብረን ተክለናል። የቅርጫ ቀን ግን እኔና ባለቤቴ ቀመሪያ በራችንን ዘግተን ነው የምንውለው። የእናንተን እርድ እኔ አልበላም፣ የእኔንም እናንተ አትበሉም፤ በዚህ የማንም ጥፋት የለም። ምስር ግን ማን ያርደዋል?»

እንቁጣጣሽ ዕለት በሬው ለስምንት ቤት ታረደ፤ ማንም በማንም አልተቀየመም። ይህን ስጽፍ አምስት ወር አልፏል። የተገኘውን ጥቅም ልናገር፤ ነርስ ነኝና ካልተናገርኩ አይሆንልኝም። የጋሽ ማናዬ ግፊት መቶ ሠላሳ አምስት ነው፤ መድኃኒታቸውን አላቋረጡም፣ ማንም እንዲያቋርጥ አልመክርም። ለልጆቹም ሐኪሙ ቫይታሚን አዝዟል፤ የሚያድግ ልጅ ያለበት ቤት ይህን ሳይጠይቅ አይጀምር። እትዬ ተሾመች የሽምብራ አሳ ሲሠሩ ሽታው ጎረቤት ሁሉ ይደርሳል፤ ሰበብ ፈልጎ የማይገባ የለም። ቮልሷ ሁለት ጊዜ ብቻ ወጥታለች፤ ሁለቱም ጊዜ ለምጥ ነው፣ ሁለቱም እናቶች በሰላም ተገላግለዋል። ጋሽ ማናዬ ደግሞ በየጠዋቱ እስከ ለቡ መንገድ ድረስ ይሄዳሉ። የማን ልጅ እንደታመመ፣ የማን አጥር እንደወደቀ ከእኔ በፊት የሚሰሙት እሳቸው ሆነዋል። ማን ብሎ ይጠራኛል ያሉት ሰው አሁን ቤታቸው አይገኙም።

ከሁሉ የማልረሳው ግን የመስቀል ዋዜማን ነው። ደምሰው ግቢ ሸራ ተነጥፎ ምስሩ በአምስት መደብ ተደለደለ። በጣሳ የተሰፈረ ስለሆነ አንዱ ከአንዱ አይበልጥም፤ ዕጣ መጣል እንኳ አያስፈልገውም ነበር። «ቅርጫ ያለ ዕጣ ምን ቅርጫ ነው!» አሉና ጋሽ ማናዬ እንቢ አሉ። እያንዳንዱ ምልክቱን ሰጠ፦ ደምሰው ክብሪት፣ በፍቃዱ ጠጠር፣ አራተኛው ቅጠል፣ ጋሽ ማናዬ የአንገት ልብሳቸውን ክር፣ ከድር የእስክሪብቶውን ክዳን። የማን የማን እንደሆነ የማታውቀው ንግስት ከመንገድ ተጠርታ በየመደቡ ላይ አኖረችው።

«ይኼ ክዳን የማነው?» አለች ከፍ አድርጋ።

«የከድር!» አሉ ጋሽ ማናዬ፣ ከሁሉ ቀድመው፣ ግቢው እስኪያስተጋባ።

ከድር ጆንያውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ቀመሪያ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እኔም ሳላፍር አለቀስኩ። ከዚያ ከድር ጎንበስ ብሎ ምስሩን በእጁ ዘገነና ወደ ጋሽ ማናዬ ቀና አለ።

«ለገናስ ሽምብራውን የሚመርጠው ማነው?»

«ማን ሊመርጥ ኖሯል!» አሉ ጋሽ ማናዬ። «እኔ ነኝ እንጂ።»