ቡቡቡ የሚባል ሰፈር

(ዛንዚባር፣ ባሕር ዳር ያለ ትንሽ ሆቴል በረንዳ ላይ፤ ጧት። ከድሬዳዋ ለሽርሽር የመጡ ባልና ሚስት፣ ልብስ ሰፊው ልሳኑና መምህርቷ ዘርፌ።)

ልሳኑ፦ ዛሬን ብቻ ነው የምልሽ። ደርሼ ለምሳ እመለሳለሁ።

ዘርፌ፦ ትናንትም ለምሳ ብለህ ለእራት ነው የመጣኸው። እዚያ ሰፈር ምን ቀረህ? ሐዲዱ ተነቅሎ መቶ ዓመት ሊሆነው ነው ያልከኝ ራስህ ነህ።

ልሳኑ፦ ሐዲዱ ቢነቀል የተኛበት የአፈር መደብ ይኖራላ። በደንብ አላየሁትም።

ዘርፌ፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ልጅህ ሶስና እኮ ይቺን ደሴት የመረጠችው ባቡር የሌለበት አገር ስታፈላልግ ከርማ ነው። «እማዬ፣ እዚያስ አባዬ የሚጠፋበት የለውም» ብላኝ ነበር።

ልሳኑ፦ ጎበዝ ናት። የሞተ ባቡር እንዳለ ግን አላወቀችም።

ዘርፌ፦ ጫጉላችንን ባሕር ላሳይሽ ብለህ ጅቡቲ ወሰድከኝ፤ ያየሁት የባቡር ጋራዥ ነው። አዲስ አበባ ለወንድሜ ልጅ ሰርግ ሄደን፣ አንተ በቀላል ባቡር ከጫፍ ጫፍ ስትመላለስ ሙሽሮቹ ከቤተ ክርስቲያን ወጡ።

ልሳኑ፦ ለኬኩ ደርሻለሁ።

ዘርፌ፦ እሺ፣ ተቀመጥ። ትናንት የሆነውን በደንብ ንገረኝና ከዚያ እፈቅድልሃለሁ። ማታ ደከመኝ ብለህ እኮ ሳትነግረኝ ነው የተኛኸው።

ልሳኑ፦ ምን አለው! እዚህ ዳላዳላ በሚሉት ሚኒባስ ሄድኩ። ሰፈሩ ስሙ ራሱ ቡቡቡ ነው፤ ከባቡሩ ድምፅ የወጣ ነው ይላሉ። እንደወረድኩ ኮኮናት የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ አገኘሁና በዚያች በእንግሊዝኛዬ ባቡሩ የት ነበር አልኳቸው። አልገባቸውም። በፈረንሳይኛ ሞከርኩ።

ዘርፌ፦ በፈረንሳይኛ?

ልሳኑ፦ እኛ አገር የባቡር ቋንቋ እሱ አይደል። መጨረሻ ላይ በምልክት አደረግሁት። ክንዴን እንደ ጎማ እያሽከረከርኩ፣ «ፉ... ፉ... ፉ...» እያልኩ ዙሪያቸውን ዞርኩ።

ዘርፌ፦ በዚህ ሙቀት? በዚህ ዕድሜህ?

ልሳኑ፦ ሽማግሌው ደንግጠው ክንዴን ያዙኝ። ለካ አስም የተነሳብኝ መስሏቸዋል። ሁለት ጎረምሶች ጠሩና አንዱ በብብቴ፣ አንዱ በእግሬ ይዘው ጤና ጣቢያ አስገቡኝ።

ዘርፌ፦ ደህና ነኝ አትላቸውም?

ልሳኑ፦ ላስረዳቸው ብዬ ፉ ባልኩ ቁጥር እነሱ ይብስ ይሮጣሉ።

ዘርፌ፦ እሺ፣ ከዚያስ?

ልሳኑ፦ ነርሷ እንግሊዝኛ ትችላለች። ነገሩ ሲገባት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ለሽማግሌውም ተረጎመችላቸውና እሳቸውም ሳቁ። ሻይ ጋበዙኝ። ስወጣ ሽማግሌው አንድ ጉብታ አሳዩኝ። የባቡሩ መደብ ይሁን የቆሻሻ ክምር እንጃ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ዘርፌ፦ ይኸው ነው?

ልሳኑ፦ ይኸው ነው።

ዘርፌ፦ ታዲያ ጧት ሸሚዝህን ላጥብ ስገለብጠው፣ ውስጡ ተለጥፎ ያገኘሁት ይሄ ክብ ፕላስተር ምንድነው? ሻይ ሲጋብዙ ደረት ላይ ይለጥፋሉ?

ልሳኑ፦ የኮኮናት ዋጋ ይሆናል፤ ከገበያ ተለጥፎብኝ።

ዘርፌ፦ ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፣ ልሳኑ።

ልሳኑ፦ ነርሷ ስቃ ስትጨርስ፣ ከመጣህ አይቀር ልይህ ብላ ማዳመጫዋን ደረቴ ላይ አደረገች። ከዚያ ሳቋን አቆመች። ልቤ አንዱን ይመታል፣ አንዱን ይዘላል። ያንን ፕላስተር ደረቴ ላይ ለጥፋ በመሣሪያ አየችውና፣ ነገ ሐኪሙ ስለሚመጣ ሰው ይዘህ ተመለስ አለችኝ።

ዘርፌ፦ ሰው ይዘህ ተባልክ። አንተ ግን ብቻህን ልትሄድ ነበር።

ልሳኑ፦ ባሕሩን ሳትጠግቢው ልረብሽሽ አልፈለግሁም። ስንት ዓመት የተመኘሽው ነው።

ዘርፌ፦ ዕድሜዬን ሙሉ ባቡር ልይ ብለህ ስትወጣ፣ ሌላ ሴት ይኖር ይሆን እያልኩ ስጠረጥርህ እውነትም ባቡር ነበር። ትናንት ባቡር ነው ብዬ ባምንህ ደግሞ ሐኪም ቤት ሆኖ ተገኘ።

ልሳኑ፦ ምናልባት ቀላል ነገር ይሆናል።

ዘርፌ፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ልሳኑ፦ ፈራሁ፣ ዘርፌ። እንግዲህ እውነቱ እሱ ነው።

ዘርፌ፦ እኔም ፈርቻለሁ። ተነስ፣ ጫማህን አድርግ።

ልሳኑ፦ የዋና ትምህርትሽስ? አስተማሪው ይጠብቅሽ የለ?

ዘርፌ፦ ፕላስተሩን እንዳገኘሁ ይቅር ብዬ ልኬበታለሁ።

ልሳኑ፦ እንግዲያው እንሂድ። ዳላዳላው ከገበያው ነው የሚነሳው። ግራ ግራውን ከተቀመጥን፣ ሳንደርስ ትንሽ ቀደም ብሎ ጉብታው...

ዘርፌ፦ ያኔውኑ የጠራሁት ታክሲ በር ላይ ቆሟል። ሐኪሙንም የማናግረው እኔ ነኝ። አንተ ዛሬ ተሳፋሪ ነህ።