ተቀባይ ያጣ ከበሮ

— ሄሎ? … ሄሎ! … ማን ልበል? … ድምፅህን ከፍ አድርግ እንጂ፣ አይሰማም! … ባንተአምላክ? አንተ ነህ እንዴ! ወንድምዬ! እንዴት ነህ? ከበሮውስ ደህና ነው? … ውይ፣ አንተስ ደህና ነህ? … ማን ቀደመ ማን ተከተለ ምን ያደርጋል፣ ሁለታችሁንም ጠየቅኩ አይደል!

— ለምንድነው የምታንሾካሹከው? … የት? … ሽንት ቤት? … አየርላንድ ድረስ ሄደህ ለታላቅ እህትህ ከሽንት ቤት ትደውላለህ? አንተ ልጅ፣ ሥርዓት የሚባል ነገር ሻንጣህ ውስጥ አልገባልህም?

— ግቢ፣ ኛሉዋክ፣ ግቢ! ጀሪካኑ እዚያ ጥግ ጋ አለልሽ። ትንሽ ቁጭ በይ፣ ወንድሜ ነው፣ ከአየርላንድ። … ኛሉዋክ ናት፣ ጎረቤታችን፣ ረሳሃት? ዛሬ የቧንቧ ውሃ ስለመጣ ጀሪካን ልትዋሰኝ መጥታ ነው። … ሰላም በልልኝ ትላለች። ሽንት ቤት እንዳለህ አልነገርኳትም። … አሁን ሰማች። ይቅርታ።

— ምን ሆነህ ነው? ሆድህን ነው? … አይደለም። ታዲያ ምን ትሠራለህ እዚያ? … ተደብቀህ? ከማን? … ከሙዚቀኞቹ? … ቆይ፣ ቆይ፣ ከመጀመሪያው ንገረኝ። … አዎ፣ እሱንማ ነግረኸኛል። እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ መጠጥ ቤቱ ውስጥ ክብ ሠርተው ተቀምጠው የአገራቸውን ዘፈን የሚጫወቱት። ባለቫዮሊኗ ሴትዮ፣ ዋሽንት የሚነፉት ሽማግሌ፣ ያ ወንፊት የሚመታው ሰውዬ … ከበሮ ነው? እሱ ነው ከበሮ የሚባለው? በላክልኝ ፎቶ ላይ እኮ ዱቄት ሊነፋ የተቀመጠ ነው የሚመስለው! … እሺ፣ እሺ፣ አልስቅም።

— እና ዛሬ የኛን ከበሮ ይዘህላቸው ሄድክ። ጎሽ! እንደዚህ ነው እንጂ! … ቆዳው ግን አልላላም? እዚያ ዝናብ ነው ብለኸኛል። እዚህ እኮ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ብተወው የጋምቤላ ፀሐይ ራሷ ትወጥረው ነበር። … በምን ወጠርከው? … በፀጉር ማድረቂያ? … ኛሉዋክ፣ ለከበሮው ካስክ አስገባለት!

— እሺ፣ ከዚያስ? … ወንበር ሰጡህ። "እንግዳ ይጀምር" አሉህ። ጀመርክ፣ እነሱም ተከተሉህ። ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው? … አላቆምክም። … ለምንድነው የማታቆመው? … ማንም አልተቀበለህም? … እንዴ! አንድም ሰው? ቤት ሙሉ ሰው እያለ?

— ኛሉዋክ፣ ጉድ ፈላ! ከበሮውን የሚቀበለው አጥቷል! … አይ፣ እኛ ጋ፣ አቦቦ፣ እኛ ሰፋሪዎቹ መንደር፣ ሰርግ ላይ ከበሮ አንዴ አንገትሽ ከገባ በራስሽ እጅ አታወልቂውም። ሌላ ሰው ይነሳና ካንቺ አንገት አውጥቶ የራሱ አንገት ላይ ያጠልቀዋል። እስከዚያ ትመቻለሽ። … ካልተነሳማ … ሁሌም ይነሳል እንጂ! እንዲያውም ይጋፋሉ። … መሬት ማስቀመጥ? ነውር! "ከደጋሹ ተጣልቻለሁ" ማለት ነው። አንድ ጊዜ አንዱ ሰውዬ ወገቡን ይዞት መሬት ቢያስቀምጠው ሙሽሪት እዬዬ ብላ ስታለቅስ ሽማግሌ ተላከ።

— አለሁ፣ አለሁ፣ ለኛሉዋክ እያስረዳኋት ነው። እና ስንት ዘፈን መታህ? … አንድ? … አንድ ዘፈን፣ ከተቀመጣችሁ ጀምሮ? … እነሱስ ለምን አላቆሙም? … እንግዳ እየተጫወተ ማቆም እነሱም ጋ ነውር ነው! … አንተ እነሱን ስትጠብቅ፣ እነሱ አንተን ሲጠብቁ … አልሳቅኩም። ጉሮሮዬን ነው።

— የባለቫዮሊኗ ክር ተበጠሰ? … በቀረው ቀጠለች? ጎበዝ ናት! … ሽማግሌውስ? … ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። ውሃ ስጧቸው እንጂ! … ባለወንፊቱስ? … እየመታ እንቅልፍ ወሰደው? … ኛሉዋክ፣ ያዢኝ፣ ልወድቅ ነው!

— እሺ፣ ጨረስኩ፣ ከልቤ እየሰማሁህ ነው። "ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ" ብለህ ወጣህ። ከበሮውን ለማን ሰጠኸው? … እ? … አንገትህ ላይ ነው? አሁንም? ባንተአምላክ! ከበሮ አጥልቀህ ነው ሽንት ቤት የገባኸው? … በሩ አልዘጋ አለ? እንዴት ብሎ ይዘጋል፣ መንታ ያረገዘች ሴት እኮ ነው የሚያስመስልህ! … አንድ ሰውዬ ከፍቶ አየህና ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። ምስኪን። አገሩን ቀይሮ ይሆናል እስካሁን።

— ቆይ፣ ምንድነው ከጀርባህ የሚሰማኝ? … እነሱ ናቸው? … አሁንም እየተጫወቱ ነው? … ያንኑ ዘፈን? … "እስኪመለስ አናቋርጥበት" ብለው! እንዴት ያሉ ሰዎች ናቸው! እንደነዚህ ዓይነት ሰው ከየት ይገኛል!

— ምን? … ምን አልክ? … መስኮት? … በመስኮት ወጥተህ ቤትህ ልትገባ? እምቢ! … እምቢ አልኩህ! … ደግሞስ ከበሮው መች በመስኮት ይወጣል? … ምን? … እስቲ ድገመው። … ትተኸው? ከበሮዬን? ሽንት ቤት?

— ስማ። ደህና አድርገህ ስማ። እዚህ እኔ በምን እንደምመታ ታውቃለህ? … አታውቅም፣ አልነገርኩህም። በጀሪካን ነው። በቢጫው ጀሪካን። … አዎ፣ እህትህ ሙሉነሽ፣ ካለ እሷ ሰርግ አይደምቅም የምትባለዋ! የጎረቤታችን የፀዳለ ልጅ ሰርግ ላይ ገና አንዴ ነካ ሳደርገው እድምተኛው ውሃ የመጣ መስሎት ግማሹ ባዶ ዕቃውን ፍለጋ ወጣ። ኛሉዋክን ጠይቃት። … ራሷም ወጥታ ነበር። አትሳቂ፣ ወጥተሻል!

— ሌላማ ለምን እገዛለሁ፣ የኔ ከበሮ እያለ። … አይ፣ አልተቆጣሁህም። ወድጄ ነው የሰጠሁህ፣ እንደ ሕፃን ታቅፈኸው አውሮፕላን ስትሳፈር ደስ ብሎኝ ነው የሸኘሁህ። ግን ለምን ሰጠሁህ? … ለጌጥ አይደለም! ጀዊ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ስትሠራ ሰው ከቦህ ነው የምትውለው፤ ከሥራ ስትመለስ እንኳ አምስት ሰው ተከትሎህ ይመጣና ወጤን ጨርሶት ይሄድ ነበር። እዚያ ግን ባለፈው "እራት ከማን ጋር በላህ?" ብልህ "ከቴሌቪዥኑ ጋር" አልከኝ። … ብለኸኛል። ለቀልድ ነው ያልከው፣ እኔ ግን ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። … አዎ፣ አለቀስኩ፣ ምን ይጠበስ?

— "ና፣ ከኛ ጋር ተቀመጥ" ያሉህ እነዚህ ሰዎች የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ዛሬ በመስኮት ከወጣህ የዛሬ ሳምንት በምን ዓይንህ ታያቸዋለህ? አትሄድም። አውቅሃለሁ! ባሮ ላይ ዋና ስትማር ልጆቹ ቢስቁብህ ልብስህን እዚያው ወንዙ ዳር ጥለህ አይደል በገበያው መሀል ሮጠህ ቤት የገባኸው? ከዚያ በኋላ ወንዙን ረገጥከው? አልረገጥከውም! … ራቁትህን ነበርክ፣ ምኑን ነው የምትክደው?

— ስለዚህ ግባና ንገራቸው። "አገራችን ከበሮ እንዲህ ነው፣ እባካችሁ ተቀበሉኝ" በላቸው። … ምን ያሳፍራል? ካልነገርካቸው በምን ያውቃሉ? ሰዎቹ እኮ አቦቦ ሰርግ በልተው አያውቁም! … ኛሉዋክ ምን ትላለች መሰለህ … "እሱ ካፈረ አንቺ ንገሪያቸው" ትላለች። … አዎ፣ እኔ! … እንግሊዝኛ? እችላለሁ! ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፤ ያዋረደኝ ሒሳብ ነው እንጂ እንግሊዝኛማ ደህና ነበርኩ። ና ውጣ ከዚያ፣ ስፒከር ላይ አድርገኝ። … ቆይ! እጅህን ታጠብ መጀመሪያ። … ቆዳው ላይ ውሃ እንዳታንጠባጥብ!

— ኛሉዋክ፣ እየሄደ ነው። … በር ተከፈተ። … ትሰሚያቸዋለሽ? ያው ዘፈን ነው፣ ወይ መከራ። … ገባህ? ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥከኝ? … ሄሎ! ሄሎ! አይ አም ሙሉነሽ! … ሲስተር! ሂስ ሲስተር! ኢትዮጵያ፣ ጋምቤላ! … ፋይን፣ ፋይን፣ ሃው አር ዩ? … የስ፣ ቬሪ ሆት! … ኛሉዋክ፣ የአየሩን ነገር ነው የጠየቁኝ፣ ጨዋዎች ናቸው።

— ሊስን! ማይ ብራዘር … ኖ ስቶፕ! … ኖ፣ ኖ፣ ኖት ሲክ! ጉድ ቦይ! … ዩ ቴክ ድራም! ፍሮም ኔክ! ዩር ኔክ! … ዘፈኑ ቆመ። ኛሉዋክ፣ አንገታችሁን ቁረጡ ያልኳቸው እንዳይመስላቸው ብቻ። … ባንተ! ምን ቆመህ ትሰማኛለህ፣ አስረዳቸው እንጂ! … እየነገራቸው ነው። … እየነገራቸው ነው … ውይ! ሳቁ! ሰማሽ? ሁሉም ሳቁ! … ሽማግሌው እየሳሉ ነው የሚስቁት፣ ትንፋሽ አጥተው ኖሯል።

— ማን ሊቀበል ነው? … እየተያዩ ነው? … ልክ ናቸዋ፣ ሰው በባዶ ሜዳ ብድግ ይላል እንዴ! እልልታ የለ፣ ምን የለ! ኛሉዋክ፣ ነይ ጠጋ በይ። ወደ ስልኩ። አብረን … እልልልልልልል! … አንቺ እንደ ኑዌር አድርጊው፣ ግድ የለም፣ ብቻ ጩኺ! … እልልልልልልል!

— ተነሳች? ማን? … ሞይራ? ባለቫዮሊኗ? … አንገቷ ላይ ገባ? … ገባ! ኛሉዋክ፣ ገባ! … እስቲ ዝም በሉ፣ ልስማት። … እየመታች ነው። … ወይ አምላኬ። … ባንተአምላክ፣ ምንጣፍ አይደለም የምታራግፊው በላት … አይ፣ ተው፣ እንዳትነግራት! ቬሪ ጉድ፣ ሞይራ! ቬሪ ጉድ!

— አንተስ? ትከሻህ ቀለለህ? … ባንተ? … ሄሎ? … ትሰማኛለህ? … ባንተአምላክ! … ኛሉዋክ፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ረስቶት ሄደ። … ስሚ፣ ስሚ፣ ያ ሳቅ የሱ ነው። አወቅሽው? እንደ ፍየል የሚስቀው። … አይ፣ አልዘጋውም። … አላለቀስኩም! ላብ ነው። ጋምቤላ ተቀምጦ የማያልበው ማን አለ?

— ይህቺ ሴትዮ ግን ምቱን ገደለችው። ጀሪካኑን አቀብዪኝ እስቲ። … አንዴ ብቻ፣ ውሃው አይሄድም! … ሞይራ! ሊስን! ዱም … ዱም ታ! ዱም … ዱም ታ! … ኖ፣ ኖ፣ ስሎው! ዱም … ዱም ታ! … ተከተለችኝ! ኛሉዋክ፣ ሰማሽ፣ ከዚህ ሆኜ እየመራኋት ነው! … ጨፍሪ እንጂ ምን ትገተሪያለሽ!

— … ኡፍ። እጄ ዛለ። ኛሉዋክ፣ በይ ተቀበይኝ እንጂ! … እሰይ! ምነው፣ አንቺ ከኔ ትሻያለሽ! ይሄን ሁሉ ጊዜ ደብቀሽኝ …

— ሄሎ? … ባንተ! መጣህ? … ረስተኸኝ ነበር። … አዎ፣ እዚሁ ነበርኩ፣ ሁሉንም ሰማሁ። … አሁን የምትመታው ኛሉዋክ ናት። … ጀሪካኑን። ውሃው ሊሄድባት ነው፣ ግን በጄ አላለችም። … ምን አሉህ? … "የዛሬ ሳምንት ቀደም ብለህ ና"? … እንዲህ አሉህ? በራሳቸው አፍ? … እና ሽማግሌው ከሞይራ እንዴት እንደሚቀበሉ ጠየቁህ? … እሰይ። እሰይ፣ ወንድምዬ።

— ይቅርታ ምን ያስፈልጋል? … አይ፣ ስማኝ። እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ እንደዛሬው እርሳኝ። … ከልቤ ነው። ጭራሽ እርሳኝ። … ሰኞ ሰኞ ግን ደውል፣ ካልደወልክ ወዮልህ!

— አሁን ማን እየመታ ነው? … አሁንም ሞይራ? … ማንም አልተነሳላትም? … ታዲያ ምን ቆመህ ታወራለህ፣ ሴትዮዋ አንገቷ ሊቀነጠስ ነው! ሂድ ተቀበላት! … እኔም ኛሉዋክን ልቀበላት። … ቻው፣ ቻው፣ ዝጋው!